ሥራ መጀመርና በሥራ መጽናት

በጣና ሐይቅ ዳርቻ የሚኖር ሕዝብ አብዛኛው እንጀራውን የሚያገኘው ሌላ ሰው በወር መጨረሻ ከሚቆጥርለት ደመወዝ አይደለም። ገበሬው ከእርሻው፥ ዓሣ አጥማጁ ከመረቡ፥ ታንኳ ሠሪው ከደንገሉ፥ ሸማኔው ከመወርወሪያው፥ ጠላ ጠማቂዋ ከጋኗ፥ ባለ ሱቁ ከመደርደሪያው ያገኛል። እነዚህ ሁሉ ሥራቸው ልዩ ልዩ ቢሆንም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ይኸውም አለቃ የሌላቸው፥ ትርፉም ኪሳራውም የራሳቸው የሆነ፥ በገዛ እጃቸው ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች መሆናቸው ነው። በ1961 ከኢጣልያ በተከፈለ የጦር ካሣ ገንዘብ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተከፈተ ወዲህ በደወል ገብቶ በደወል የሚወጣ ሠራተኛ በከተማው በዝቷል፤ ከዚያም በኋላ መሥሪያ ቤቱም ትምህርት ቤቱም ተጨምሯል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው የዘመን ቁጥር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የሆነ ሆኖ ከከተማው ጥቂት ወጣ ሲሉ፥ በከተማውም ውስጥ ገበያው ሲደርሱ፥ ራሱን በራሱ ቀጥሮ የሚኖረው ሰው ዛሬም ይበልጣል።

በዚህ ኑሮ ውስጥ ዘወትር የሚታይ አንድ ነገር አለ። ሁለት ሰዎች በአንድ ወር፥ በእኩል ገንዘብ፥ በአንድ ገበያ ጎን ለጎን ሥራ ይጀምራሉ፤ ሁለት ክረምት ሳይሞላ አንደኛው ትቶ ይሄዳል፥ ሁለተኛው ግን ይሰነብታል። ይህን የሚያይ ሰው «ዕድሉ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ዕድል ድርሻ የለውም ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን የሰው ጠባይም የራሱ ድርሻ እንዳለው ነገሩን የመረመሩ ሊቃውንት አስረድተዋል። ከዚህም አልፈው አንድ ያልታሰበ ነገር አግኝተዋል፤ ይኸውም ሰውን ሥራ እንዲጀምር የሚያነሣሣው ጠባይ፥ በጀመረው ሥራ እንዲጸና ከሚያደርገው ጠባይ ጋራ ሁልጊዜ አንድ አለመሆኑን ነው። ስለዚህ «ደፋር ሰው ነው፥ ሥራ ይሆንለታል» የሚባለው ንግግር እውነቱ ግማሽ ብቻ ነው።

ለዚህም የታንኳ ሥራ መልካም ምሳሌ ይሆናል። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል በሐይቁ ዳር በረግረግ ላይ የሚበቅል ረዥም ተክል ነው። ሠሪው ደንገሉን አጭዶ፥ በፀሐይ አጠውልጎ፥ በነዶ በነዶ አስሮ፥ ነዶውን ከነዶ አጋጥሞ በገመድ ይጠፍረዋል። ምስማርም ሳንቃም አይፈልግም። ስለዚህ ሥራውን ለመጀመር የሚያስፈልገው ማጭድና ገመድ፥ ከአባትም የተማሩት የእጅ ብልሃት ነው እንጂ ብዙ ገንዘብ አይደለም። መጀመሩ ቀላል ነው። ነገር ግን ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ታንኳው ከሐይቅ በወጣ ቁጥር ቀጥ ብሎ ቆሞ መድረቅ አለበት፤ ይህም ሁሉ ተደርጎለት ከጥቂት ወራት በኋላ ይከብዳል፥ ይበሰብሳል፥ ሌላ አዲስ ታንኳ መሥራት ግድ ይሆናል። እንግዲህ ታንኳ ሠሪ ማለት አንድ ጊዜ ታንኳ የሠራ ሰው ማለት አይደለም፤ የሠራው ሲበሰብስ ሳያዝን እንደገና ወደ ረግረጉ የሚወርድ ሰው ማለት ነው። ጀልባ ከሞተር ጋራ የገዛ ሰው ገንዘቡን ስለ አፈሰሰበት በሥራው ላይ ሊቆይ ይገደዳል፤ ታንኳ ሠሪውን ግን በሥራው ላይ የሚያቆየው ጠባዩ ነው።

አማርኛ ይህን ነገር ጥንቱን ያወቀው ይመስላል። ነጋዴ የሚነሣበት ገንዘብ ወረት ይባላል፤ ለአዲስ ነገር ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚነድ ፍላጎትም ወረት ይባላል፥ እንዲህ ያለውም ሰው ወረተኛ ተብሎ ይነቀፋል። ሥራ ለመጀመር ሁለቱም ወረት ያስፈልጋሉ። ገንዘብ የሌለው አይጀምርም፤ አዲስ ነገር የማይወድም ሰው የአባቱን ጓሮ ትቶ ወደ ገበያ አይወጣም። ለመሰንበት ግን የገንዘቡ ወረት መቆየት፥ የልቡ ወረት ደግሞ ወደ ልማድ መለወጥ አለበት።

በኢትዮጵያ ውስጥ ይህን በግልጽ ያሳየ አንድ ምርመራ ተደርጓል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፈን ደርኮን የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ለፋብሪካና ለእርሻ ሥራ ለመቀጠር የመጡትን ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎች፥ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች የሆኑትን፥ በዕጣ ከፈሏቸው። ለአንደኛው ክፍል የተመኙት ቅጥር ተሰጣቸው። ለሁለተኛው ክፍል 300 የአሜሪካ ዶላር ያህል ገንዘብና የጥቂት ቀን የንግድ ትምህርት ተሰጥቷቸው በራሳቸው ሥራ እንዲነሡ ተደረገ። ሦስተኛው ክፍል ምንም ሳይሰጠው ቀረ። በ2018 የታተመው ውጤት እንደሚናገረው፥ ከአንድ ዓመት በኋላ ገንዘብ የተሰጣቸው ሰዎች ገቢ ምንም ካልተሰጣቸው በሲሶ ያህል በልጦ ተገኘ። በፋብሪካ ከተቀጠሩት ግን ከሦስቱ አንዱ በመጀመሪያው ወር፥ ከመቶው 77ቱ ደግሞ ዓመት ሳይሞላ ሥራውን ትተው ወጡ።

እስከዚህ ድረስ ሲነበብ ነገሩ ሁሉ የግል ሥራን የሚያስመሰግን ይመስላል። ነገር ግን መርማሪዎቹ፥ ሳይመን ፍራንክሊን የሚባል ሌላ ሊቅ ጨምረው፥ ከአምስት ዓመት በኋላ እነዚያኑ ሰዎች ፈልገው ቢጠይቁ በሦስቱ ክፍል መካከል የነበረው ልዩነት ከሞላ ጎደል ጠፍቶ አገኙት። ምክንያቱም ገንዘብ ተቀብለው ትንሽ ንግድ ከጀመሩት ብዙዎቹ ንግዱን ትተው ስለ ወጡ ነው። ገንዘቡና ትምህርቱ ሰውን ለማስጀመር በቅቷል፤ ለማሰንበት ግን አልበቃም።

ታዲያ የሚያሰነብተው ምንድን ነው ቢባል፥ መልሱን ለማግኘት ለጊዜው ከአገር ወጣ ማለት ያስፈልጋል። በጀርመን አገር ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ብዙ ሺህ ቤተ ሰብ ስለ ኑሮውና ስለ ሥራው ይጠየቃል፤ ያንኑ ቤተ ሰብ ደጋግሞ ስለሚጠይቅ፥ ማን የግል ሥራ እንደ ጀመረ፥ ማንስ እንደ ተወ ከዓመት ወደ ዓመት ሊታይ ይችላል። ማርኮ ካሊየንዶ፥ ፍራንክ ፎሰንና አሌክሳንደር ክሪቲኮስ የሚባሉ ሦስት ሊቃውንት ከዚህ መዝገብ ተነሥተው በ2014 አንድ ጥናት አሳተሙ። የጠባይ ሊቃውንት የሰውን ጠባይ በአምስት ታላላቅ ክፍሎች መመደብ ልማዳቸው ነው፤ እነዚህም ለአዲስ ነገር ልብን መክፈት፥ ትጋት፥ ከሰው ጋራ መቀላቀልን መውደድ፥ ገርነት፥ የመንፈስም እርጋታ ናቸው። ሦስቱ ሊቃውንት በእነዚህ ላይ ሰው አደጋን ምን ያህል እንደሚደፍርና የኑሮው መሪ በገዛ እጁ እንዳለ ምን ያህል እንደሚያምን ጨመሩበት።

ያገኙትም ይህ ነው። ሥራ ወደ መጀመር የሚገፋው ለአዲስ ነገር ልብን መክፈት፥ ከሰው ጋራ መቀላቀልን መውደድና አደጋን መድፈር ነው። ከሥራ መውጣትን በተመለከተ ግን የታየው ሌላ ነው፤ ገርነት የበዛበት ሰው ሥራውን ቶሎ ይተዋል፤ አደጋን የመድፈርም መጠን በመጀመር ጊዜ ከሚሠራው በተለየ መንገድ ይሠራል። ለመጀመርም ለመሰንበትም እኩል ሲረዳ የተገኘ አንድ ጠባይ ብቻ ነው፤ እርሱም የኑሮዬ መሪ በእጄ ነው ብሎ ማመን ነው። በዚህ ጥናት ሊታዩ ከቻሉት ምክንያቶች ሁሉ መካከል የጠባይ ድርሻ ከመቶ 30 ያህል ሆኗል። ትልቅ ድርሻ ነው፤ ነገር ግን የቀረውን 70 ደግሞ መርሳት አይገባም።

ጀርመን ሌላ አገር ነው፤ ጣናም ሌላ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ነገር ወደ ሐይቁ ዳር አምጥቶ መመርመር ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የገርነት ነገር ነው። ገርነት በኢትዮጵያ ሰው ዘንድ የተመሰገነ ጠባይ ነው፤ ከእርሱም ጎን ይሉኝታ የሚባል ሌላ ኃይል ይቆማል። ሰው በልቡ እንቢ እያለ በአፉ እሺ የሚለው ብዙ ጊዜ ከርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ ምን ይሉኛል ብሎ ነው። ይህ በገበያ ላይ ምን እንደሚያደርግ በምሳሌ ይታይ።

አንዲት ዓሣ ሻጭ በማለዳ ወደ ሐይቁ ዳር ወርዳ ከአጥማጆች በ800 ብር ቆሮሶና አምባዛ ትገዛለች እንበል። ጠርጋና ከትፋ እስከ ማታ በ1,000 ብር ትሸጠዋለች፤ ትርፏ 200 ብር ነው ማለት ነው። ነገር ግን ከሚገዟት መካከል ጎረቤት አለ፥ የክርስትና ልጅ አለ፥ የዕድር ሰው አለ። አንዷ መጥታ «እትዬ፥ ዛሬ ገንዘብ አልያዝሁም፤ ለቅዳሜ እሰጥዎታለሁ» ትላለች። ሻጪቱም «ምን ገዶኝ ልጄ፥ ውሰጂው» ትላለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ከ1,000 ብሩ ሽያጭ 300ው በዱቤ ይሄዳል። ማታ በእጇ ያለው 700 ብር ነው። በማግሥቱ በ800 ብር መግዛት ስለማትችል በ700 ትገዛለች፤ በዚያው ልክ ብታተርፍበት 875 ብር ይሆናል፤ ከዚህ ደግሞ 300ው በዱቤ ሲወጣ 575 ብር ይቀራታል። በሦስተኛው ቀን በ575 ብር የገዛችው 718 ብር ከ75 ሳንቲም ያወጣል፤ እንደ ልማዱ 300ው በዱቤ ከሄደ በእጇ የሚገኘው 418 ብር ከ75 ሳንቲም ነው።

እዚህ ላይ ተማሪው ቆም ብሎ ማስላት አለበት። ሴትዮዋ በሦስት ቀን ውስጥ 518 ብር ከ75 ሳንቲም አትርፋለች፤ አንድም ቀን አልከሰረችም። የሰው እጅ ላይ ያለው ገንዘቧ 900 ብር ነው። እንዲያውም ሁሉ ቢከፍላት በ800 ብር ተነሥታ 1,318 ብር ከ75 ሳንቲም ይኖራት ነበር። ነገር ግን በአራተኛው ቀን ማለዳ ሐይቁ ዳር ስትደርስ ከመጀመሪያው ቀን ዓሣ ግማሹን ያህል ብቻ ትገዛለች። ሰዎች ከሁለት ሳምንት በኋላ «ንግድ አልሆነላትም» ይላሉ፤ እውነቱ ግን ንግዱ ሆኖላት ነበር፤ ያልሆነላት እንቢ ማለት ነው።

የጀርመኖቹ ጥናት ገር ሰው ቶሎ ይወጣል ሲል የሚናገረው ይህን የመሰለውን ነገር ነው። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ሰው ጨካኝ ይሁን ማለት በጣና ዳር አይሠራም። በትልቅ ከተማ የሚነግድ ሰው ደንበኛው የማያውቀው መንገደኛ ስለሆነ ፊቱን ቢያጠቁርበት ሌላ መንገደኛ ይመጣለታል። በዘጌ ወይም በደቅ ደሴት የሚነግድ ሰው ግን ደንበኛውም፥ ጎረቤቱም፥ በሐዘኑ ቀን የሚደርስለትም አንድ ሰው ነው። ለዚህ ሰው እንቢ ያለ ሰው ደንበኛውን ብቻ ሳይሆን ቀባሪውን ያጣል። ስለዚህ ጥያቄው ገርነትን መተው አይደለም፤ ገር ሆኖ ሳለ የሥራውን ወረት ከገርነቱ የሚጠብቅበት ዘዴ ማግኘት ነው።

ይህን ዘዴ ሕዝቡ ራሱ አስቀድሞ አግኝቶታል፤ እርሱም ዕቁብ ነው። ስለ ዕቁብ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወሳው ገንዘብ ማጠራቀሙ ነው። ሌላ ጥቅሙ ግን ከዚህ አያንስም። ዕቁብ ያለባት ሴት በዕለቱ ከሸጠችው ላይ መጀመሪያ የዕቁቧን ታነሣለች፤ ዱቤ ለሚጠይቃት ሰውም «የዕቁብ ቀኔ ነው» ብላ ትመልሳለች። በዚህ መልስ ማንም አይቀየማት፤ ዕቁብ ማጉደል ነውር እንደ ሆነ ሁሉ ያውቃልና። በዚህ ዓይነት ያው ይሉኝታ፥ ወረቷን ሲበላ የነበረው፥ ተመልሶ የወረቷ ዘበኛ ይሆናል። በ1997 ፈቃድ አግኝቶ በባሕር ዳር የተቋቋመው፥ በ2022 ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ለድኻ ገንዘብ ሲያበድር ጎረቤታሞችን በቡድን እርስ በርሳቸው ዋስ ያደርግ የነበረው በዚሁ ኃይል ተደግፎ ነው። ይህም ቢሆን ጉዳት የለበትም ማለት አይደለም፤ አንዱ ሲያጎድል ለእርሱ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ከቡድኑ ውስጥ ያው ገሩ ሰው ነውና። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ቀጥሎ የሚመጣው አደጋን የመድፈር ነገር ነው። ሊቃውንቱ ከላይ ከተነገረው ጥናት አስቀድመው በ2010 ባሳተሙት ሌላ ጽሑፍ፥ በግል ሥራ ላይ አብልጠው የሚሰነብቱት አደጋን ከልክ በላይ የሚፈሩትም ከልክ በላይ የሚደፍሩትም ሳይሆኑ በመካከል ያሉት መሆናቸውን አሳይተዋል። ይህን ለማስረዳት ለጣና ልጅ ብዙ ቃል አያስፈልግም። ሐይቁ በማለዳ ጸጥ ይላል፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ለታንኳ ያስፈራል። ከዘጌ እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚቀዝፍ ሰው ደመና ባየ ቁጥር ከቀረ ልጆቹ ይራባሉ፤ ሰማዩን ሳያይ ከወጣም እንጨቱን፥ አንዳንድ ጊዜም ነፍሱን ያጣል። በሥራው ያረጀ ቀዛፊ የሚባለው ሌሊት ተነሥቶ ነፋሱ ሳይመጣ የሚደርሰው ነው። ይህ ሰው አደጋውን አልሸሸውም፥ ሰዓቱን መረጠለት።

የዘጌ ሰው በመሬቱም ላይ ይህንኑ ያደርጋል። በዘጌ በበሬ ማረስ በጥንት ሥርዐት የተከለከለ ስለሆነ ሕዝቡ የሚኖረው ከጫካው ነው። ነገር ግን በቡና ብቻ አይኖርም፤ ከቡናው ጋራ ጌሾ አለ፥ ሎሚም አለ። ቡና በጠፋበት ዓመት ጌሾው ለጠላ ጠማቂ ይሸጣል። በአንድ ነገር ላይ ሁሉን የጫነ ሰው በመልካም ዓመት ከሁሉ በላይ ያገኛል፤ በክፉ ዓመት ግን ከገበያው የሚወጣ መጀመሪያ እርሱ ነው።

ስለ ዓሣ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር መጨመር ይገባል። በጣና ውስጥ ቢልጫ የሚባለው የዓሣ ወገን ከ15 የሚበልጡ ዓይነቶች አሉት፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ በዓለም በሌላ ስፍራ አይገኙም። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት ዕንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፥ ወደ ርብ፥ ወደ መገጭና ወደ ግልገል ዓባይ ይወጣሉ። በ1986 የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ ከገባ በኋላ አጥማጆች በዚያ ጊዜ በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ እየዘረጉ እጅግ ብዙ ዓሣ ያወጡ ጀመር፤ በ1990ዎቹም ዓመታት የቢልጫው ብዛት በጣም መቀነሱ ታወቀ። ከሁሉ የሚደፍረውና ከሁሉ የሚተጋው አጥማጅ በዚያ ወራት ከሁሉ የበለጠ ያገኝ ነበር። በገዛ ትጋቱ ግን የነገ ሥራውን ያጠፋ ነበር። ትጋት ብቻውን ሰውን በሥራ ላይ ያጸናል የሚል ሰው ይህን ማሰብ አለበት፤ እዚህ ላይ የሚያጸናው በመስከረም መረብን ማጠፍ ነው፥ ይህም አንድ ሰው ብቻውን የሚችለው ነገር አይደለም፤ ጎረቤቱ ካላጠፈ እርሱ ቢያጥፍ ዓሣውን ለጎረቤቱ መተው ብቻ ነውና።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው በጀርመኖቹ ዘንድ ለመጀመርም ለመሰንበትም የሚረዳው ጠባይ ነው። ጁሊያን ሮተር የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ ሰዎችን በሁለት ወገን ያያቸዋል፤ አንደኛው ወገን የሚደርስበት ነገር ከገዛ ሥራው የመጣ እንደ ሆነ የሚያምን ነው፤ ሁለተኛው ወገን ሁሉ ከዕድል ወይም ከሌላ ሰው ኃይል እንደሚመጣ የሚያምን ነው። በአማርኛ ይህን ሁለተኛውን «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» የሚለው ቃል ይገልጠዋል። አንዳንድ ሰው ይህን ነገር ከሃይማኖት ጋራ ያጣላዋል፤ ስሕተት ነው። የጣና ዳር ገበሬ ዘሩን ሲበትን እግዚአብሔር ካለ ይበቅላል ይላል፤ ብሎም ያርማል፥ ወፍም ይጠብቃል። ዝናሙን የሚያዘው እርሱ እንዳልሆነ ያውቃል፤ አረሙ ግን የእርሱ ነው። ጉዳት የሚመጣው ሰው አረሙንም ለዕድል ሲተወው ነው። ታንኳው ሳይደርቅ ቀርቶ የበሰበሰበት ሰው «ዕድሌ ነው» ካለ በሚመጣው ዓመትም ታንኳውን አያደርቅም፤ «አላደረቅሁትም» ካለ ግን የሚሠራው ነገር አገኘ።

የመንፈስ እርጋታ ደግሞ በኢትዮጵያ ለባለ እጅ ከሌላ አገር ይልቅ አስፈልጎታል። ብረት ቀጥቃጩ፥ ሸክላ ሠሪዋ፥ ሸማኔው፥ ቆዳ ፋቂው ለብዙ ዘመን በሥራቸው ይሰደቡ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908፥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1900 ዓመተ ምሕረት፥ ባለ እጅን በሥራው እንዳይሰድቡት በዐዋጅ ከልክለዋል፤ ዐዋጁ ግን የሰውን አፍ በአንድ ጊዜ አልዘጋውም። በጣና ዳር በታንኳ ሥራና በዓሣ ማጥመድ ከጥንት ጀምሮ የታወቁት ነገደ ወይጦም ይህ ንቀት ደርሶባቸዋል። ልጅ በአባቱ ሥራ ሲሰደብ ሥራውን የሚተወው ሥራው ስለማያበላው አይደለም፤ ስለሚያሳፍረው ነው። እንግዲህ በአንድ መንደር የሚኖሩ ባለ እጆች ቢጠፉ ጉድለቱን በእነርሱ ጠባይ ላይ ብቻ መፈለግ ፍርድ ማጓደል ይሆናል፤ የሰዳቢውም ጠባይ በሥራው መጥፋት ውስጥ ድርሻ አለበት።

ይህ ነገር ወደ ቀረው 70 ይመራል። በ2011 እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በጣና ላይ መኖሩ ታወቀ። በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ከውሃው ላይ እየተነጠፈ መረቡን ያዘ፥ የጀልባውንም መንገድ ዘጋ። በዚያ ዳርቻ የነበረ አጥማጅ ታጋሽም ቢሆን፥ አስተዋይም ቢሆን፥ እንቢ ማለትንም ቢያውቅ፥ መረቡን የሚዘረጋበት ውሃ ካጣ ጠባዩ ዓሣ አይሆንለትም። እንደዚሁም ከ2023 ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት መንገድ በተዘጋ ቀን ነጋዴው ወደ ገበያ ሳይደርስ የቀረው ስንፍና ይዞት አይደለም። ከዚህም በቀር በግል ሥራ ላይ ሰንብቶ መገኘት ሁልጊዜ መልካም ምልክት አይደለም። ሌላ ሥራ በማጣት ብቻ በከሰረ ሥራ ላይ የሚቆይ ሰው አለ፤ የተሻለ ነገር አግኝቶ ሱቁን የዘጋም ሰው አለ። ይህኛው ጸንቷል፥ ያኛው ተሸንፏል ብሎ ከውጭ ሆኖ መፍረድ አይቻልም።

ጠባይ ከተወለዱ በኋላ የማይለወጥ ከሆነ ስለዚህ ነገር በትምህርት ቤት ማስተማር ጥቅም ባልኖረው ነበር። ነገር ግን በምዕራብ አፍሪቃ በቶጎ አገር የተደረገ አንድ ፈተና ሌላ ነገር አሳይቷል። በዚያ 1,500 ትናንሽ የንግድ ሥራዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። ለአንደኛው ክፍል ባለቤቶች የሒሳብ አያያዝና የመሳሰለው የተለመደ የንግድ ትምህርት ተሰጣቸው፤ ለሁለተኛው ክፍል ሰው ሳያዘው መነሣትን፥ አርቆ ማሰብንና መሰናክል ሲመጣ ሌላ መንገድ መፈለግን የሚያለማምድ ትምህርት ተሰጣቸው፤ ሦስተኛው ክፍል ሳይማር ቀረ። በ2017 እንደ ታተመው ከሆነ፥ በሁለት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ልማድን የተማሩት ትርፋቸው ካልተማሩት በመቶ 30 በለጠ፤ የተለመደውን ትምህርት የተማሩት ግን በመቶ 11 ብቻ፥ ያውም በእርግጥ የትምህርቱ ነው ሊባል በማይችል መጠን። ከዚህ የሚታየው የሥራ ጠባይ እንደ ቀለም ሁሉ በልምምድ የሚገኝ ክፍል እንዳለው ነው፤ ሒሳብ አያስፈልግም ማለት ግን አይደለም፥ ከላይ የተነገረችው ዓሣ ሻጭ የጠፋባት በሒሳብና በጠባይ መካከል ነውና።

በሐይቁ ዳር ያለ የመንደር ትምህርት ቤት ይህን ልምምድ ያለ ብዙ ወጪ ሊያደርገው ይችላል። አስተማሪው ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ በግል ሥራው ከአምስት ዓመት በላይ ወደ ቆየ አንድ ሰው ይላካቸው፤ ሰውዬው ሥራውን እስኪጨርስ ይጠብቁ፥ በአክብሮት እጅ ነሥተውም ይጠይቁት። የሚጠይቁትም እንዴት እንደ ጀመረ አይሁን፤ ይህን ሁሉ ሰው ይናገራል። ሊተወው ያሰበበት ጊዜ መቼ እንደ ነበረና በዚያን ጊዜ ምን እንዳደረገ ይጠይቁት። ከዚያ ሲመለሱ በደብተራቸው ላይ ሦስት ዓምድ ያስምሩ፤ በአንደኛው ከእጅ የወጣውን፥ በሁለተኛው ወደ እጅ የገባውን፥ በሦስተኛው በሰው እጅ ያለውን እየጻፉ፥ የዓሣ ሻጪቱን ሒሳብ እስከ ሰባተኛው ቀን ያድርሱት። ሰባተኛው ቀን ሳይደርስ ገንዘቧ የሚያልቅበትን ቀን ራሳቸው ያገኙታል። ከዚያም አንዲቱ ልጅ እንደ ሻጭ፥ ሌላይቱ እንደ ጎረቤት ሆነው ይቁሙ፤ ጎረቤቲቱ ዱቤ ትጠይቅ፥ ሻጪቱም ሳታስቀይም ትመልስ። «እንዴት ብዬ እነፍግዎታለሁ እትዬ፤ ነገር ግን ይህ ገንዘብ የነገ ዓሣ መግዣ ነው፤ የባለፈውን ቅዳሜ ሲያመጡልኝ የዛሬውን ያን ጊዜ ይወስዳሉ» ብትል መልካም ነው። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ይስቃሉ፥ ቃሉም ከአፋቸው አልወጣ ይላል፤ ስለዚህ ሦስት አራት ጊዜ ተራ እየተለዋወጡ ይድገሙት።